አበባ የማስከፈት ሥራዬና የዶዮገናው ኮክ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የሠራሁበት ሆቴል የፕላስቲክ አበባ ሸለመኝ። አዎ፣ ፕላስቲክ። ዕድሜዋን ሙሉ የተቆረጠ እምቡጥ ውኃ አጠጥታ፣ አሙቃ፣ አባብላ ቤት ውስጥ ስታስከፍት ለኖረችው ለእኔ ለታደለችው! አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ይሄኛው አይጠወልግም፣ ሁሌ ያስታውሱናል ብሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ። እኔም ጉንጩን ሳምኩት፣ ቤቴ ወስጄ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት። ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። ትልቋማ እስኪከፈት ስንት ቀን ይፈጃል ብላ እስካሁን ታሾፍብኛለች።

ሰው ሥራሽ ምን ነበር ሲለኝ አበባ ማስከፈት እላለሁ። መትከል ነው? ይሉኛል። አይደለም። መሸጥ? እሱም አይደለም። ከዝዋይ በኩል በመኪና የሚመጣው ጽጌረዳ ግጥም ብሎ እንደተዘጋ ነው ሆሳዕና የሚደርሰው፤ ተከፍቶ ቢጫን መንገዱን አይችለውም። ሙሽራ ደግሞ የተዘጋ አበባ አትፈልግም። ሐሙስ ማታ እንደ ሽንኩርት የጠጠረውን ቅዳሜ ቀትር ላይ ማሳቅ፣ እሱ ነበር የኔ እንጀራ። ቀደም ብሎ ከተከፈተ አዳራሹ ሳይሞላ ይረግፋል፤ ከዘገየም ሰው በልቶ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ለወንበሮቹ ይከፈታል።

ሆቴሉ ውስጥ የገባሁት አንሶላ አጣቢ ሆኜ ነው። ደመወዙን ተዉት፣ ሳሙናው ይበልጠው ነበር። አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለችው ጨለማ ክፍል ጋሼ ሄራሞ ከባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው ውኃ ሲቀምሱ አየኋቸው። ጋሼ ሄራሞ የሆቴሉ አትክልተኛ ነበሩ፤ የአጠገባችን የሌሞ ገጠር ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ። ሰውየው ምን ነካቸው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብለው ነይ ቅመሺ አሉኝ። ቀመስኩ፤ የቧንቧው ውኃ የዛገ ብረት ብረት ይላል። ደፉት። እኔ የማልጠጣውን ለእንግዳ አላቀርብም አሉ፤ እንግዳ የሚሉት አበባውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንሶላው ሰዓት እየሰረቅሁ በሰበብ አስባቡ እዚያ ክፍል መግባት ጀመርኩ፣ በመጨረሻም እሳቸው ራሳቸው ሥራ አስኪያጁን ለምነው ወሰዱኝ።

ያስተማሩኝ ሁሉ በእጅ ነው፣ በአፍ አይደለም። ቢላቸው የጠላት አንገት ይቆርጣል፤ መቀስ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፣ መቀስ ያደቃል እንጂ አይቆርጥም ባይ ናቸው። የአበባውን እግር፣ አገዳውን ማለቴ ነው፣ ውኃ ውስጥ እንደተነከረ በሰያፍ ይቆርጡታል። አየር ከማገ ይታነቃል። ከውኃው በታች የሚውለውን ቅጠል አንድ ሳያስቀሩ ይመለምላሉ። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ስኳር፣ ጠብታ ሎሚ። ጽጌረዳውን እስከ አንገቱ በጋዜጣ ጠቅልለው ጨለማ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ጠዋት ጋዜጣውን ፈትተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ትንሽ ትንሽ ያስጠጉታል። አልከፈት ያለውን ልበ ደንዳና ደግሞ ከውጭ ያሉትን ሻካራ ቅጠሎች አንሥተው፣ በሁለት መዳፋቸው መሐል ይዘው እፍ ይሉበታል፣ ልክ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው። አንዳንዴ አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። እኔ ያንን እፍታ ለመልመድ ስንቱን ጽጌረዳ ምራቅ በምራቅ እንዳደረግሁት እግዜር ይወቀው።

አንድ ሕጋቸው ብቻ አይገባኝም ነበር። አበባ ክፍል ውስጥ ፍራፍሬ አይገባም። አስተናጋጆቹ ብርቱካን ይዘው ብቅ ካሉ ያባርሯቸዋል፤ ሙዝማ በደጅም አያልፍ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው አይስማሙም ብቻ አሉኝ፣ የተጣላ ጎረቤት ይመስል። እኛም ሰውየው ስስታም ናቸው፣ ሰው ሲበላ ማየት አይወዱም እያልን እናማቸው ነበር።

ሆቴሉ የሠርግና የስብሰባ ዲኮር በኮንትራት መያዝ ሲጀምር ከተማ ለከተማ መዞር መጣ። ሾኔ ሙቀት ነው፤ እዚያ ሥራዬ ማስከፈት ሳይሆን አትቸኩሉ ብሎ መለመን ሆነ፤ ባልዲዎቹን ከሰው ቤት የውኃ ጋን ሥር እየደበቅሁ አሳድር ነበር። ሙዱላ ለስብሰባ ሄጄ የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው በሰው መሐል ተቀርቅሮ፣ ግላዲዮለስ የሚባለውን እንደ ዱላ የረዘመ አበባ በትከሻዬ ተሸክሜ ገባሁ፤ ሴቶቹ አገዳ መስሏቸው ዋጋ ጠየቁኝ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ሁሉን ነገር በትእዛዝ የሚያገኙ ይመስላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ፣ እንግዳው ከመኪና ሲወርዱ አበባው ይከፈት ብለው አዘዙ። ጋሼ ሄራሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በዚያ የሀዲያ ቅላጼያቸው ጎተት አድርገው፣ ሲሳፈሩስ ይዘጋ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ሥራ አስኪያጁ እንኳን ሳቁ።

ጋሼ ሄራሞ ጡረታ ወጥተው ገጠር ሲገቡ ክፍሉ ለእኔ ቀረ። አወቅሁ ያልኩትም ያኔ ነው። የዶዮገናው ኮክ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

ጥር ሊገባ ሲል አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ሆቴሉ መጣች። ማርታ ትባላለች፣ መምህርት ናት፤ እናቷ እትዬ ላቀች ከዶዮገና ነው የመጡት፤ ባላቸው የሞቱት ባለፈው ክረምት ነው። ማርታ ነጭ ጽጌረዳ መረጠች፣ ያ ቀላል ነው። እናትየው ግን የኮክ ቅርንጫፍ ታስከፍቻለሽ ወይ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባልየው ከጓሮ የተከሉት ኮክ አለ። ፍሬው ለጦጣ እንኳን አይሆንም፣ ጎመኑን ጥላ አጥልቶበት እትዬ ላቀች ዕድሜያቸውን በሙሉ ይቆረጥልኝ እያሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ባልየው ግን በየዓመቱ ያ ራቁቱን ዛፍ ሮዝ ሆኖ ሲያብብ ወንበር አውጥተው ሥሩ ይቀመጣሉ። የሚያብበው ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ነው። እትዬ ላቀች የፈለጉት ሙሽራዋ በምትቆምበት መድረክ ግራና ቀኝ ያ ኮክ አብቦ እንዲቆም ነው። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ኮክ በጋሼ ሄራሞ ጊዜ አስከፍተን እናውቃለን፤ ጽጌረዳ በመኪና መምጣት ሳይጀምር የጥር ሠርግ በምን የሚያጌጥ ይመስላችኋል? እምቡጡ ቀላ ሲል ቅርንጫፉን ቆርጦ፣ ቤት አግብቶ፣ ሙቀት ሰጥቶ ጸደይ የመጣ እንዲመስለው ማድረግ ነው። እሺ አልኩ። ቅርንጫፎቹ ተቆርጠው መጡ፣ እምቡጡ ገና የስንዴ ፍሬ ያህል ነው። በዚያ ሰሞን ውርጩ ጎመን ሁሉ ያቃጥላል፣ የእኔም ክፍል የበረዶ ቤት ነው የሚመስለው። የት ላሙቃቸው ብዬ ሳስብ የሸምሱ ሙዝ ማብሰያ ትዝ አለኝ።

ሸምሱ ከገበያው አጠገብ ፍራፍሬ በጅምላ የሚያከፋፍል፣ ወላጆቹ ከጉራጌ የመጡ የድሮ ወዳጄ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ጥሬ ሙዝ ይከምርና በእንሰት ቅጠልና በጆንያ ሸፍኖ፣ በር ዘግቶ ያበስለዋል። ሆሳዕና ላይ በጥር ከዚያች ክፍል የሞቀ ቤት የለም። ሲገቡባት ፊት ላይ እንደ ላም ትንፋሽ ትላለች። ቅርንጫፎቼን በሁለት በርሜል ለብ ያለ ውኃ አድርጌ ከሙዙ አጠገብ አቆምኳቸው። በማግሥቱም በሣልስቱም ሄጄ አየሁ፤ እምቡጡ አበጠ፣ ጫፉ ሮዝ አለ። ተደሰትኩ። ለእትዬ ላቀች ስልክ ደውዬ፣ እንዲያውም ሳይቸኩሉ አይቀሩም ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሸምሱ ራሱ ሆቴሉ ድረስ መጣ። አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ግን እንዳትጮኺ አለኝ። ስንደርስ በሩን ገርበብ አደረገው። ቅርንጫፎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል፣ እምቡጡ በሙሉ ወለሉ ላይ ረግፏል። አንድም አልቀረም። ሙዙ ደግሞ ወርቅ መስሎ በስሏል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔም ተንበርክኬ እምቡጥ ለቀምኩ፣ ምን ሊረባኝ እንደሆነ እንጃ። ሸምሱ የእሱ ጥፋት ይመስል እጁን እያፋተገ፣ ውሰጂ በቃ ብሎ አንድ እጅ ሙዝ ሰጠኝ። በንዴት መንገድ ላይ በላሁት።

ለጋሼ ሄራሞ ደወልኩ። ረገፈብኝ ስላቸው የት ነው ያሳደርሻቸው አላሉኝም።

«ከማን ጋር ነው ያሳደርሻቸው?» አሉኝ።

ከሙዝ ጋር አልኩ። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ፣ ሳቁ ደግሞ አያልቅም። አይስማሙም ብዬሽ አልነበር አሉኝ። ለምን እንደማይስማሙ ግን ነግረውኝ አያውቁም ብዬ ተቆጣሁ። እኔስ መች አወቅሁ አሉ፤ እሳቸውም ሕጉን ያወጡት በወጣትነታቸው ካርኔሽን የሚባለውን አበባ ከማንጎ ጋር አሳድረው ጠዋት ሁሉም እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ስላገኙት ነው። በኋላ ግብርና የተማረች የእህቴ ልጅ ምክንያቱን አስረዳችኝ። የሚበስል ፍሬ የማይታይ ጋዝ ያወጣል፤ ለሙዙ ብስለት የሆነው ያው ጋዝ አበባውን ያስረጀዋል። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ሰውየውን ስስታም እያልኩ ሳማ ኖሬ!

ያን ዕለት ግን ጋሼ ሄራሞ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ሌላ ቅርንጫፍ ቁረጪ አሉኝ። ለቅዳሜው ሠርግ ይደርሳል ወይ ብላቸው ለቅዳሜ አይደርስም፣ ግን ይከፈታል አሉ። ምንም አላባበሉኝም።

ዶዮገና ሄጄ ለእትዬ ላቀች ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ይህ ዛፍ እኔን ማናደድ ልማዱ ነው ብለው ሳቅ አሉ። ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከፀሐይ በኩል ያለው ተቆርጦ አልቋል፣ የቀረው በጥላው በኩል ያለው ነው፤ እምቡጡ ጥርስ እንደነከሰ ሰው ጥብቅ ብሏል። እትዬ፣ ቅዳሜ እንዲህ እንደተዘጋ ቢቆምስ፣ ባይሆን ይቅር እንዴ አልኳቸው። እጃቸውን ዛፉ ላይ አድርገው ቆሙ።

«እኔ አበባ አምሮኝ መሰለሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ማርታ አባቷ ሳይኖር እንዳትዳር ብዬ ነው። ተዘግቶም ቢሆን ይምጣ።»

ቆረጥኩ። ያለቀስኩትም እዚያው ዛፉ ላይ ተንጠልጥዬ ነው፣ ከላይ ስለሆንኩ አላዩኝም።

የዚያ ሳምንት ሥራዬን መቼም አልረሳውም። የቅርንጫፎቹን እግር በመስቀለኛ ሰንጥቄ፣ ማታ ማታ ሙሉ በሙሉ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስተኛቸዋለሁ። ለዚህ የሚበቃ ገንዳ ያለው የሆቴሉ አንደኛ ማዕረግ መኝታ ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ጠዋት አውጥቼ በርሜል ውስጥ አቆማቸውና እርጥብ ጆንያ አለብሳቸዋለሁ፤ ከሰል አላስጠጋም፣ ጭሱም እንደ ሙዙ ነው ብለውኛል ጋሼ ሄራሞ። ጎረቤት ክፍል ያረፈ አንድ ነጋዴ እንግዳ መቀበያው ሄዶ ከእኔ አጠገብ ዛፍ ገላውን ይታጠባል ብሎ አመለከተ። ሥራ አስኪያጁ መጥተው በገንዳው ውስጥ የተኛውን ኮክ አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ፎጣ እንዳትሰጪው ብቻ ብለው ወጡ። ሐሙስ እምቡጡ ትንሽ ላላ። ዓርብ ጫፉ ላይ እንደ ሕፃን ጥፍር የሳሳ ሮዝ ታየ። ዓርብ ማታ ለእያንዳንዱ እምቡጥ እፍ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ኮክ ግን በእፍታ አይሰማም።

ቅዳሜ ነጩ ጽጌረዳ በሕይወቴ እንዳላየሁት አድርጎ ተከፈተ። ኮኩ አልተከፈተም። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መድረክ ግራና ቀኝ ባዶ ቡናማ እንጨት ሆኖ ቆመ፤ ከቅርብ ላላየው ሰው አጥር ነው የሚመስለው። መዘምራኑ ሲዘምሩ ሙሽሮቹ ገቡ፤ ማርታ እንዳለፈች ወደ ቅርንጫፎቹ ዞር ብላ አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ፎቶ የሚያነሣው ልጅ ድምፁን እንኳን ሳይቀንስ ይሄን ማገዶ ከፍሬሙ አውጡልኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ ለክፉ ቀን ብለው በመኪና አስጭነውት የነበረውን የፕላስቲክ አበባ አስገቡ፣ የእኔ በርሜሎች ከአዳራሹ ጀርባ ከወንበሮቹ ጋር ተገፉ። እትዬ ላቀች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል፣ አይተዋል። ዞር አላሉም። እኔ ጀርባቸውን እያየሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ስንት ሠርግ አሳምሬ፣ ስንት እንግዳ አስደስቼ፣ አንዲት እናት አንድ ነገር ለምነውኝ አልሆነልኝም።

ምሳ ሲያልቅ ልጠፋ ስል እትዬ ላቀች በጓሮ በኩል መጡ። ከነጠላቸው በታች ባልዲ ይዘዋል። ቅርንጫፎቹን ስጪኝ፣ ከሚጣሉ ወደ ቤቴ ልመልሳቸው አሉኝ። እርጥብ ጆንያ ጠቅልዬላቸው ሚኒባሱ ላይ ጫንኩላቸው። ውኃውን ለብ እያደረጉ ይቀይሩላቸው አልኳቸው፤ ለምን እንዳልኩ እንጃ፣ ልማድ ነው።

የመልሱ ዕለት፣ ሙሽሮቹ ወደ እናት ቤት ሲመለሱ ማለት ነው፣ እትዬ ላቀች ደውለው ነይ አሉኝ። በምን ፊቴ እሄዳለሁ ብዬ ሥራ ይዞኛል አልኩ። ሥራሽ እዚህ ነው አሉኝና ስልኩን ዘጉ። ዶዮገና ስደርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ክትፎውና ቆጮው ቀርቧል፣ ልጆች በር ላይ ይጋፋሉ። ማርታ እንዳየችኝ እጄን ይዛ ሳታናግረኝ በሰው መሐል እየጎተተች ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ከሠርጉ በፊት እሷ ትተኛበት የነበረ ክፍል ነው፤ አልጋው ተነሥቷል። በአልጋው ቦታ ባልዲው ቆሟል።

ኮኩ ተከፍቷል። ከሥር እስከ ጫፍ፣ አንድ ቅርንጫፍ ሳይቀር፣ ቡናማው እንጨት እስከማይታይ ድረስ ሮዝ ሆኗል። አንዲት የአበባ ቅጠል ወለሉ ላይ አልወደቀችም። ማርታ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች፣ ባሏ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት መሐረብ ይፈልጋል። እትዬ ላቀች ከባልዲው አጠገብ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

ደስታና ቁጭት አንድ ላይ መጡብኝ። ምነው ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ፣ ምነው ሰው ሁሉ ባየው፣ እትዬ፣ በእኔ ስህተት እኮ ነው የዘገየው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ተይው እባክሽ» አሉኝ። «እሱ የእኔና የእሱ ሠርግ ዕለት እንኳን አርፍዶ ነው የመጣው።»